ለንግሥና የተላኩ ሽማግሌዎች

ልጃቸው በትምህርት ቤት ድራማ ንጉሥ ካልሆነ ዘር ማንዘራቸው የተዋረደ የሚመስላቸው አባቶች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ሮቤ ከተማ ሙዚቃ አስተምራለሁና ከእነሱ ማምለጫ የለኝም።

ዘንድሮ በዘፈን ለምንሠራው ድራማ ንጉሡን ለወፍራም ድምፅ፣ ወፏን ለቀጭን ድምፅ ሰጠሁ። ወፏ ለአብዲ ደረሰችው። በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው ክፍሌ ገቡ።

«የአብዲ አባት ልኮን ነው» አሉ ሐጂ ከድር፣ ታላቃቸው። «ንግሥናውን ስጠን።»

ለንግሥናም እንደ ሙሽራ ሽማግሌ ይላካል እንዴ? ግን ስንት ደም ያደረቁ ሰዎች በእኔ ድራማ አፍረው ይመለሱ? ቢጨንቀኝ አብዲን አስጠርቼ የንጉሡን ዘፈን አዘፈንኩት። «ጦሬ ይዝመት!» ሲል ድምፁ ጣራ ላይ ወጥቶ አልወርድም አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ቀጥሎ የወፏን ሲዘፍን ግን ጋቢው ከአፋቸው ወረደ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐጂ። «ይቺን ድምፅ ጦርነት ልንሰዳት ነበር? ወፏ ይሁን።»

እፎይ ልል ስል አባትየው ትዝ አሉኝ። «አባቱንስ ምን እላቸዋለሁ፣ ሐጂ?»

ከዘራቸውን አንስተው ወደ በሩ አመሩ።

«አንተ ምንም አትበል። አሁን ያንተ ሽማግሌዎች ሆነን እንሄድባቸዋለን።»