የጋሽ ይስተካከላል ዘመቻ በእምቢተኛው ዝማኔ ላይ

የክፍል ኃላፊነታቸውን ለቅቀው በገዛ ቤታቸው ላይ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ጡረታ፣ ዝናቸው ከሳሎን እስከ በረንዳ የተሰማው፣ ሞዓ ቧንቧ ዘእምነገደ ጠጋኝ፣ ጎረቤት ሁሉ «ጋሽ ይስተካከላል» የሚላቸው ታላቁ አባወራ፣ ማንም ሳይለምናቸው የቤቱን ኮምፒውተር ሊያድሱ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ሴት ልጃቸው የሕንፃ ፕላን ሠሪ ናት፤ ትሠራበት የነበረው ቢሮ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ፈትታ ተቀምጣ ነበርና፣ በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ትልቅ ቢሮ ከቤት ሆና ፕላኖቿን በኮምፒውተር እያሳየች ቃለ መጠይቅ እንድትሰጥ ቀጥሯት ነበር። ፕላኖቿም ሁሉ ያሉት በዚያው ማሽን ውስጥ ነው። ሸሚዟን ልትተኩስና የምትናገረውን ልትለማመድ ወደ መኝታ ቤት ስትገባ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አባባ፣ በናትህ ዛሬ ኮምፒውተሩን አትንካው! ነገ እንደፈለግህ ገነጣጥለው።»

እርሳቸው ግን ማሽኑ «አዲስ ዝማኔ ተዘጋጅቷል» እያለ ከጥግ ሲለማመጣቸው ባዩ ጊዜ፣ ልጃቸው በአሮጌ ነገር ፊት ተቀምጣ እንዳታፍር አዝነው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ «እሺ» የሚለውን ተጫኑ።

ወእምዝ ማሽኑ ጠፋ፣ በራ፣ ነጥቦች በክብ ይዞሩ ጀመር፣ ከመቶው ሠላሳ ደርሶ ቆመ፤ ብዙ ካሰበም በኋላ አዋጁን አስነገረ፦ «ዝማኔው አልተሳካም። ወደ ነበረበት እየተመለሰ ነው። እባክዎ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ።» በዚያ ቤት እርሳቸውን «እርስዎ» የሚላቸው እርሱ ብቻ ስለ ነበር፣ ስድቡን በትዕግሥት ተቀብለው «ይስተካከላል» አሉ።

ሠራዊቱም ተሰበሰበ። በሶፋው ቀኝ ክንፍ አማታቸው ሰፈሩ። ከወጥ ቤት የወጡት ባለቤታቸው ጭልፋቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። መሰላል ሊዋስ መጥቶ በዚያው የቀረው ጎረቤት፣ ፋርማሲስቱ፣ ከኋላ ተሰለፈ። እርሱም እንደ ሙያው «አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ» ብሎ አዘዘ። ባለቤታቸው ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው ቧንቧውን ስትጠግን ሳምንት ሙሉ ከጎረቤት ውሃ ቀድተናል! ተወው ይቅርብን!» ሲሉ አወጁ፤ ይህ ቃል ግን የሠራዊቱን ወኔ የሚሰልብ ነውና እንዳልተባለ ተቆጠረ።

ታላቁም ሰው ዋይፋዩን ነቀሉ፣ ሰኩ። ማውዙን ገልብጠው ሆዱን መረመሩ። ማሽኑ ነፋስ ያግኝ ብለው ጠረጴዛውን ወደ መስኮት አስጎተቱ። ከዚህ ሁሉ ጥበብ በኋላ ደግመው አስጫኑት፤ ማሽኑም ደግሞ ወደቀ። በወደቀ ቁጥር አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ የወደቀበትን ምክንያት ልትናገር ትጀምራለች፤ እርሳቸውም ሳያነቡ ይዘጓታል። በሹመታቸው ዘመን ጸሐፊያቸው ያቀረበችውን ሁሉ ሳያነቡ ሲፈርሙ ኖረዋልና፣ አሁን አንብብ የሚል ሳጥን መነሣቱን እንደ ሽፍትነት ቆጠሩት።

ቀትር ሲቃረብ ልጅቱ ሸሚዟን ለብሳ ወጣች፤ አየች፤ ቀለሟ ተለወጠ። ፕላኖቿን ልትከፍት ሞከረች፤ እምቢ አለ። ሳጥኗ እንደገና ብቅ ስትል የአባትየው እጅ ወደ ማውዙ ሲገሠግሥ፣ አማቲቱ ከሶፋው ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እስቲ የሚለውን ይጨርስ! ምስኪኑ ከጠዋት ጀምሮ አፉን በከፈተ ቁጥር እየዘጋኸው ምን ይበል?»

ልጅቱም ጮክ ብላ አነበበች፦ «በዲስኩ ላይ በቂ ባዶ ቦታ የለም።» ያልተሳካው ዝማኔ በተጀመረ ቁጥር ጓዙን እዚያው እየጣለ፣ ተርፋ የነበረችውን ጥቂት ቦታ ጨርሷት ኖሯል። የቀረውን ማን እንደሞላው ቢፈለግ፣ አንድ ትልቅ ፎልደር ተገኘ፤ ቢከፈት የጋሽ ይስተካከላል ንግግሮች ናቸው፤ በየሠርጉ ያደረጉት፣ ስለ ደረጃው መብራት በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያደረጉት፣ ከሁሉም በላይ በጡረታ ሽኝታቸው ቀን የተቀረጸው፣ ከእርሳቸው በቀር ማንም እስከ መጨረሻው ያላየው። ወደ ፍላሽ ይገልበጥ ቢባል፣ ፍላሹን ባለፈው ዓመት ራሳቸው ጠግነውት እንደነበር ታወሰ።

ልጅቱ በቀስታ «አባባ፣ ሰዓቱ ደርሶብኛል። ወይ ያንተ ይጥፋ፣ ወይ የኔ» አለች።

ጀግናውም መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «እስከ ወዲያኛው ይጥፋ?» የሚለውን ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ ሽኝታቸው በምስሉ ላይ በትንሹ ይታይ ነበር፣ ክራቫታቸው ጠምሞ። ጉሮሯቸውን ጠርገው «አዎ»ን ተጫኑ።

ዝማኔውም ሠላሳን አለፈ፣ መቶም ገባ፤ ፕላኖቹም ተከፈቱ። ሠራዊቱ ወደ ኮሪደር ተባረረ፤ በበሩ በኩል የልጅቱ ድምፅ መጀመሪያ ሲንቀጠቀጥ፣ በኋላም ሲጠነክር፣ ሲስቅም ተሰማ። ስትወጣ «ሰኞ ጀምሪ ተብያለሁ!» አለች። አባትየውም ወዲያው «እኔ ባላድሰው ኖሮ ጉድ ሆነሽ ነበር!» ብለው ድሉን በስማቸው አስመዘገቡ።

ልጅቱም ስልኳን ከውሃ ጆጉ ጋር አስደግፋ «በል የሽኝቱን ንግግር እንደገና ተናገር፣ ልቅረጽህ» አለች። እናትየው «ቦታ መኖሩን አይተሻል?» ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ክራቫታቸው ተቃና፤ ንግግሩም የዘገየው ምሳ እስኪበርድ ተነገረ፣ ከክፍሉም ማንም አልወጣም።

ስለዚህ የታላቁ አባወራ ስም በየትውልዱ ይነገር። ሌሎች ኃያላን ድምፃቸው እንዲሰማ የሌላውን ድምፅ አጠፉ፤ እርሳቸው ግን የልጃቸው እንዲሰማ የራሳቸውን አጠፉ። ችግሩን የፈጠሩት እርሳቸው ናቸው የሚል ምቀኛ ቢነሣም ክብራቸውን እጥፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ጠላቱን ራሱ ወልዶ፣ ራሱ አሳድጎ፣ ራሱ ድል የነሣ ከእርሳቸው በቀር ማን ይገኛል!