ሞያ የጎደለው ግቢ

በሽታ ሀብታምና ድሃ አይለይም የሚሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ካርቱም ሳለሁ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አትክልት የማጠጣላቸው ማዳም እንዲህ ያሉኝ የታሸገ ውሃ እየጠጡ ነው። እውነታቸውን ነው፣ አተት ሰው አይለይም። ቧንቧው ግን አሳምሮ ይለያል! የእሳቸው ሣር የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ፣ እኛ ስደተኞቹ በምንኖርበት ግቢ የምንጠጣው በአህያ ጋሪ የመጣውን ነው።

ያን ክረምት ከግቢያችን ሦስት ሰው በአተት ተኛ። አንዲት ሱዳናዊት የጤና ሠራተኛ መጥታ በርሜላችንን ከፍታ አየችና፣ «ሙሽኪላ ፊል ሞያ!» አለች። ችግሩ ውሃው ነው ማለቷ ነበር፤ በዐረብኛ ሞያ ውሃ ነውና። ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ግን ከጎንደር ከመጡ ገና ወራቸው ነው። ሙሽኪላን ያውቋታል፤ የስደተኛ የመጀመሪያ ቃል አይደለች? ሞያን ግን በአማርኛ ሰሟትና ነደዱ።

«ሞያ የላትም አለችኝ? እኔን? ሠርግ ሲደገስ አገሩ ሁሉ የሚጠራኝን? ቆይ፣ አሳያታለሁ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በርሜሉን ይፈገፍጋሉ፣ የግቢውን ውሃ ሁሉ ያፈላሉ። ሳይፈላ ለመጠጣት ጣሳ ያነሳ ማማሰያቸውን ይቀምሳል። እኔ ቀምሻለሁ።

ሰነባብቶ የተኙት ተነሱ፤ አዲስ የታመመም አልነበረም። የጤና ሠራተኛዋ ተመልሳ መጥታ አንድ ጣሳ ጠጣችና፣ «ሞያ ከዌሳ!» አለች፤ ጥሩ ውሃ ነው ማለቷ ነው።

«ከዌሳ ምንድን ነው?» አሉኝ እትዬ ብርቄ።

«ጥሩ።»

«አመነች!» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ላርማቸው አፌን ከፈትኩና፣ ያፈሉትን ውሃ ጠጣሁበት።