ምንጫቸው ያልታወቀ ጎብኚዎች

«ከየት መጣን?» የሚለው ጥያቄ ፈላስፎችን ለዘመናት ሲያንገላታ ኖሮ፣ በመጨረሻ መልስ ያገኘው በአንዲት የስዊድን ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ነው። ፈላስፎቹ የጎደላቸው የጎብኚ መቁጠሪያ ነበር።

መቁጠሪያው የከተማዋን ድረ ገጽ የሚከፍተውን ሁሉ እንደ አመጣጡ ይመድባል፤ ይህ በፍለጋ መጣ፣ ያ በፌስቡክ መጣ፣ ያኛው ደግሞ የክፍሉ ሠራተኛ ቶርግኒ በየወሩ በኢሜይል ከሚልከው «የከተማችን ዜና» መጣ እያለ። ከቶርግኒ ዜና የምትመጣው፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኅቱ ብቻ ነበረች። ብዙው ሕዝብ ግን «ምንጩ ያልታወቀ» በሚል ምድብ ሥር ታጉሮ ተገኘ።

«ያልታወቀ ብሎ ነገር ምንድን ነው?» አለች የክፍሉ ኃላፊ ጉንቮር። «በፀደይ፣ ሰው ያላመጣ ሥራ ሁሉ ይዘጋል። ያንተም ዜና ጭምር፣ ቶርግኒ።»

ዜናው ከተዘጋ ቶርግኒ የሚዛወረው ወደ በረዶ ጠረጋ አቤቱታ መቀበያ ስልክ ነው፤ እዚያ ተመድቦ ክረምቱን በጤና ያለፈ ሰው ደግሞ እስካሁን አልታየም።

«ምናልባት» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ዜናዬን አንብበው፣ አስበውበት፣ በኋላ በራሳቸው ጊዜ የመጡ ቢሆኑስ?»

ጥበብ ትጋባለች። የአውቶቡስ ማስታወቂያ የሚያሠራው ክፍል «የኛ ናቸው» አለ፤ በራሪ ወረቀት የሚያሳትመውም እንደዚያው። ስብሰባ ተጠራ፤ በስዊድን ስብሰባ ሁሉም ካልተስማማ አይበተንምና፣ የቀረፋ ዳቦው ባለቀ ቁጥር እየተተካ፣ ማንም ሳይከፋው መሸ። በመጨረሻም የመቁጠሪያው ደንብ እንዲቀየር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። «በዜናው ልባቸው ተነክቶ ውለው አድረው የመጡ»፣ «አውቶቡሱን በሩቁ ያዩ» የሚሉ ምድቦች ተፈጠሩና ያልታወቁት ለየክፍሉ በፍትሕ ተከፋፈሉ።

ቶርግኒ ግን ለመሥሪያ ቤት የማይመች ጠባይ አለበት፤ ውሸት እንቅልፍ ይነሳዋል። ቅዳሜ በከተማዋ መዋኛ በኩል ሲያልፍ፣ ሰዎች ፎጣቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ የተዘጋ በር ፊት ቆመው፣ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው አየ። ጎረቤቱ ሩትም መካከላቸው አለች።

«ምን ታያላችሁ?»

«የማዘጋጃ ቤቱን ድረ ገጽ ነዋ። በሩ ላይ ‹የመክፈቻ ሰዓት በድረ ገጻችን ይገኛል› ይላል፤ እኛም አድራሻውን በጣታችን እየጻፍን እንገባለን።»

«ድረ ገጹስ ምን ይላል?»

«‹የመክፈቻ ሰዓት በሩ ላይ ተለጥፏል።›»

«ታዲያ ምን ያመላልሳችኋል?»

«እንግዲህ ዛሬ አስተካክለውት ይሆናል እያልን ነው። ከበጋው ወዲህ እንዲሁ ነን።»

ሰኞ ቶርግኒ የመጣው ይምጣ ብሎ፣ ያልታወቁት ጎብኚዎች መዋኛው በር ላይ ቆመው አድራሻውን በእጃቸው እየጻፉ የሚገቡት መሆናቸውን ለጉንቮር ነገራት። እውነቱ መጀመሪያ የሚያጠፋው የራሱን ዜና እንደሆነ አላጣውም።

«ሰዓቱን እንጻፍላቸው» አለ። «አንድ መስመር ነው።»

«ከጻፍንላቸው» አለች ጉንቮር ቀስ ብላ፣ «አንዴ አይተው ይሄዳሉ።»

እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢ በየቢሮው አይገኝም። «በበር በኩል የመጡ» የሚል ምድብ ተከፈተ፤ ወዲያውም ሌሎቹን ሁሉ አስከንድቶ አንደኛ ወጣ። የቶርግኒ ዜና ተዘጋ። እሱ ግን ስለ ግኝቱ «የበሮች አስተባባሪ» ሆኖ ተሾመና ከአቤቱታ ስልኩ ተረፈ። ደስ አለው፤ ለእኅቱም ደውሎ ነገራት። እንቅልፉም ተመለሰለት።

የመጀመሪያ ተግባሩ የቤተ መጻሕፍቱን በር ማዘመን ነበር። የመክፈቻ ሰዓቱን ሰሌዳ ነቅሎ እንደጨረሰ ሩት መጽሐፍ ልትመልስ መጥታ ከኋላው ቆመች።

«ቶርግኒ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?»

ቶርግኒ ሰሌዳውን ገልብጦ ደረቱ ላይ ለጠፈው።

«ስልክሽን ይዘሻል?» አላት።