የቡሬ እበትና የተቀበረው ነጠላ

(ሽሮ ሜዳ፣ ዳገቱ ላይ ያለ የጋራ ግቢ። የነጠላ ነጋዴው ዓምሃ ዶማ ይዞ፣ ላም አርቢው ጎረቤቱ ቶማስ ባዶ እጁን፣ ጎመን መደቡ ዳር ቆመዋል። ዓምሃ ወሬን ቀድሞ የሚሰማ፣ ከሰማውም በላይ የሚያወራ ሰው ነው። ቶማስ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ዛሬ ግን የገባው አንድ ነገር ልቡን ሰቅሎታል፤ ላሙ ቡሬ ልትባረርበት ነው።)

ዓምሃ፦ ላምህ ከዚህ ግቢ ትወጣለች አልኩ፣ ትወጣለች! በቃ!

ቶማስ፦ ምን አጠፋች? ጎመንህን በላችብህ?

ዓምሃ፦ ብትበላው በስንት ጣዕሙ! መሬቱን ገደለችው እንጂ!

ቶማስ፦ (አንድ እግሩን በድንጋጤ እያነሳ) ውይ! የቆምነው ሬሳ ላይ ነው?

ዓምሃ፦ አትቀልድ። ጡቷ ባበጠ ቁጥር መርፌ አታስወጋትም?

ቶማስ፦ አስወጋታለሁ። አንተስ ድድህ ያበጠ ጊዜ ተወግተህ የለም? ከግቢ ውጣ ያለህ አለ?

ዓምሃ፦ የእኔ ጎመን ላይ አይደፋማ! ስማኝ፤ የመርፌው አንቲባዮቲክ ሁሉ ላሟ ውስጥ አያልቅም። ከፊሉ ከእበቷ ጋር ይወጣል። አንተ ደግሞ እበቷን አምጥተህ እዚህ ትበትነዋለህ።

ቶማስ፦ ታዲያ ጥሩ አይደል? መሬቱ ሳይታመም ቀድሞ ታከመ።

ዓምሃ፦ ወይ አምላኬ! መሬት ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። በዓይን አይታዩም። እበቱን፣ ቅጠሉን፣ ገለባውን እየበሉ አፈር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አንቲባዮቲኩ የጡቷን ጀርም ከእነሱ አይለይም፤ ያገኘውን ይፈጃል!

ቶማስ፦ በዓይን የማይታዩ ከሆነ መሞታቸውን በምን አየህ?

ዓምሃ፦ (ደረቱን ነፍቶ) ይህችን ነበር የምጠብቀው! እዚህ ቅርባችን ያለውን የእጽዋት ማዕከል ልጎበኝ ሄጄ አንዲት ባለሙያ ነግራኛለች። ጥጥ ትቀብራለህ። ተሕዋስያኑ በሕይወት ካሉ ይበሉታል፤ ካለቁ ጥጡ እንዳለ ይወጣል። እኔም ከሁለት ወር በፊት ከሱቄ ሁለት ቁራጭ ነጠላ አመጣሁ። አንዱን የቡሬ እበት ባለበት መደብ፣ ሌላውን ላይኛው መደብ፣ መርፌ አይታ የማታውቀው የጎረቤታችን የማሚቴ ላም እበት ያለበት ቀበርኩ።

ቶማስ፦ ስትቀብር አይቼሃለሁ። «እዚህ ያሉት ሁሉ አልቀዋል» እያልክ ስታጉረመርም፣ እኔማ የምትገንዛቸው መስሎኝ ነበር።

ዓምሃ፦ እነማንን?

ቶማስ፦ የሞቱትን ነዋ!

ዓምሃ፦ (ሆዱን ይዞ እየሳቀ) ከአንተ ጋር የሚኖር ሰው ቲያትር ቤት ምን ያደርግለታል!

ቶማስ፦ አንተ ሳቅ። ጨርቁ ሳይበላ ከወጣ እኔ ቡሬን የት ላድርጋት? ልጆቼ ያደጉት በእሷ ወተት ነው።

ዓምሃ፦ ሳይንስ አያዝንም! (የቡሬን መደብ ቆፍሮ ነጠላውን ያወጣል። አንዲት ክሩ አልተነካችም።) አላልኩህም? አላልኩህም? ጭር ብሏል መሬቱ!

ቶማስ፦ (እንባው እየመጣ) ቡሬዬን... እስቲ ያኛውን አሳየኝ።

ዓምሃ፦ ያኛውማ ዱቄት ሆኗል። (ላይኛውን መደብ ይቆፍራል። ሁለተኛው ነጠላ ታጥቦ የተተኮሰ መስሎ ብቅ ይላል።) ይሄ... እ... ማለቴ... መድኃኒቱ ወደዚህም ፈሷል!

ቶማስ፦ ዳገቱን ሽቅብ?

ዓምሃ፦ ጠንካራ መድኃኒት ነው!

ቶማስ፦ (ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ እየበረበረ) ቆይ፣ የእኔስ የት ሄደ?

ዓምሃ፦ የምን የአንተ?

ቶማስ፦ ለዚያ ሁሉ ሙት ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አይበቃም ብዬ፣ አንተ ቤት ስትገባ አሮጌ ጋቢዬን ለሁለት ቀድጄ ከጎን ከጎኑ ቀብሬ ነበር።

(ከላይኛው ጉድጓድ ጥቂት የበሰበሰ ክር ብቻ ይወጣል። ከቡሬ ጉድጓድ ግማሹ የተበላ ብጣሽ።)

ዓምሃ፦ (እየዘለለ) አየህ! እዚያ ሙሉውን፣ እዚህ ግማሹን! የቡሬ እበት ጎድቷቸዋል!

ቶማስ፦ እሺ፣ ጎድቷቸዋል። ከእንግዲህ በመርፌዋ ሰሞን እበቷን ለብቻ አደርጋለሁ። ግን አልሞቱማ! ግማሽ ጋቢ የሚበላ ሬሳ የት አለ?

ዓምሃ፦ እሱስ...

ቶማስ፦ (ፊቱ እየበራ) አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ መቼም ቶሎ እንደማይገባኝ ታውቃለህ። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው የእኔን ያረጀ ጋቢ ሲበሉ፣ የአንተን አዲስ ነጠላ ለምን ተጸየፉት?

ዓምሃ፦ (ዶማው ከእጁ ይወድቃል) ንጹህ ጥጥ ነው! ያመጣልኝ ሰው ምሎልኛል!

ቶማስ፦ አንተስ ለገዢዎችህ?

ዓምሃ፦ እኔም... ምያለሁ። (ድንገት ራሱን ይዞ) ወይኔ ጉዴ! ናይለን ነው ለካ የሸጠልኝ! ሙሽራዋ ቡርቱካን ከሚዜዎቿ ጋር ቅዳሜ ለሰርጓ የምትለብሰው ከዚሁ ጣቃ የወጣ ነው!

ቶማስ፦ ቡር...

ዓምሃ፦ ዝም በል! ድምፅህን ቀንስ! ቡሬ ትኑር፣ ቤቷ ነው፣ ጥጃም ትጨምር! አንተ ብቻ እነዚህን ነጠላዎች ሰው ሳያይ ቶሎ መልሰህ ቅበርልኝ!

ቶማስ፦ (ነጠላዎቹን አንስቶ፣ በአዘኔታ አገላብጦ እያያቸው) መቅበሩንስ እቀብርልሃለሁ፤ ማን ይበላልሃል?