ጓድ ሊቀመንበር በራዲዮ ሊናገሩ ነው

በዚህ አገር ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚፈተሸው ዕቃው አይደለም፤ ሰውየው ነው! ካላመናችሁ እኔን ጠይቁኝ። በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ጓደኞቼ በትርፍ ሰዓታቸው ካርታ ሲጫወቱ እኔ የሞቱ ራዲዮኖችን ሆድ ዕቃ እየዘረገፍኩ አዲስ ነገር እገጣጥማለሁ። አመል ያወጣል ከመሐል... ይላሉ።

አንድ ቀን የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል መሣሪያ ሠራሁ። ጓዳ ሆኜ ስናገርባት፣ ያለ አንዳች ሽቦ ድምፄ ሳሎን ባለው ራዲዮ ይወጣል! ባለቤቴ አበበች በኩራት ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤት ለጎረቤት... በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ተጠራሁ። በዚያ ዘመን “ማሰራጫ ሠርተሃል” መባል ምን ማለት እንደሆነ እኩዮቼ ታውቁታላችሁ። አበበች እያለቀሰች ብርድ ልብስ አስያዘችኝ። እኔም ብርድ ልብሴን ታቅፌ ሄድኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሎምባሞ ግን በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“መምህር፣ የእኔም ድምፅ በራዲዮ ይወጣል?”

“ይወጣል ጓድ ሊቀመንበር።”

“እንደ ትልልቆቹ?”

“እንደ ትልልቆቹ!”

ፊታቸው በራ። “እንግዲያው እሁድ እኔ ከቢሮዬ እናገራለሁ፤ ሕዝቡ አዳራሽ ተቀምጦ በራዲዮ ይሰማኛል። ከሠራ ትሸለማለህ። ካልሠራ ግን አሻጥር ነው...” አሉና ብርድ ልብሴን አየት አደረጉት።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ቤታችን ያፈሳል። ከፎንቆ ሊጠይቁን የመጡትን አማቴን፣ “እማማ፣ ይህቺ ነገር እንዳትበላሽብኝ አደራ!” ብዬ ለጣሪያው መሰላል ፍለጋ ሮጥኩ።

“አታስብ ልጄ፣ እኔ አውቃለሁ” አሉኝ። በማግስቱ ሳልሞክራት ይዤያት በረርኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጓድ ሎምባሞ መሣሪያዋን ይዘው ከአንድ ጥበቃ ጋር ከገቡበት ቢሯቸው “ጓዶች!” አሉ። ራዲዮው ፀጥ። “ጓዶች!”... አሁንም ፀጥ። ጩኸታቸው የሚሰማው በመስኮት በኩል ብቻ ነው!

እኔ “ከባትሪ ድንጋዩ እስከ ትራንዚስተሩ አንድ በአንድ ልፈትሽ” አልኩ። የእነሱ ምርመራ ግን ከትውልድ ሐረግ ይጀምራል። የውይይት ክበቡ ኃላፊ ብድግ አለ።

“ይህ ትራንዚስተር የምትለው ከየት መጣ?”

“ከተበላሸ ራዲዮ።”

“የማን ራዲዮ?”

ምነው ዋሽቼ በነበር! “የአንድ የቀድሞ ባለርስት” አልኩ።

አዳራሹ አጉረመረመ። “ባለርስት ሲያገለግል የኖረ ትራንዚስተር የሰፊውን ሕዝብ ቃል እንዴት ያስተላልፋል?” ተጨበጨበ! ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ፦ “ካገለገለማ ተጨቋኝ ነው እኮ!” ወገኖቼ፣ በዚህች ጥያቄ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ።

እነሱ ሲሟገቱ እኔ መሣሪያዋን ከቢሮ አምጥቼ ቀስ ብዬ ክዳኗን ከፈትኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው? የመሣሪያዋ ሆድ ዕቃ በለጋ ኮባ ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሯል! አማቴን አልፈርድባቸውም። እኛ አገር እንዳይበላሽ የተባለ ነገር ሁሉ፣ ቅቤውም አይቡም፣ ኮባ ይለብሳል። ትራንዚስተር ከቅቤ በምን ይበልጣል? የእርጥብ ቅጠሉ ውሃ ግን መነካካት የሌለበትን ሽቦ ሁሉ አገናኝቶታል።

እውነቱን ብናገር አሻጥረኛዋ አማቴ ናቸው። ዝም ብል እኔ ነኝ። ከቀበሌ እስር ቤት አንድ ቀን መውጣት አለ፤ እናቷን አሳስሬ ከአበበች እጅ መውጣት ግን... ቅጠሉን ኪሴ ከተትኩና “ጓዶች፣ ትራንዚስተሩ ጥፋቱን አምኗል! ለማጠቢያ ትንሽ አረቄ ብቻ ስጡኝ” አልኩ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ግማሹ ጴንጤ፣ ግማሹ ጴንጤ መሳይ ነው፤ አረቄ ከየት ይምጣ? በመጨረሻ ከሊቀመንበሩ መሳቢያ ተገኘ። “ለሳል ነው” አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

አጠብኩ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩ፣ ገጥሜ ቢሮ መለስኳት። “ጓዶች!” አለ ራዲዮው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ! እኔም እፎይ አልኩ፤ እንባዬ ሁሉ መጣ። ጓድ ሎምባሞ አንድ ሰዓት ተኩል አነበቡ። ሕዝቡ አንቀላፋ። ንግግሩ አለቀና ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ ራዲዮው ቀጠለ፦

“ኡፍፍ! ማን እንደጻፈው እንጃ፣ እኔ ራሴ አንድም አልገባኝ። ደግሞ እሁድን የሚያህል ቀን በስብሰባ መፍጀት! ያቺን ጠርሙስ ወዲህ በላት...”

ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ። ሽማግሌው ተነስተው “ዛሬ ገና ልብ የሚነካ ንግግር ሰማሁ!” ብለው አጨበጨቡ፤ አዳራሹ ተከተላቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ራዲዮውም “እሰይ! ገባቸው ማለት ነው!” አለ።

በማግስቱ ተጠራሁ። ጓድ ሎምባሞ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ወሬው የደረሳቸው የአውራጃ ሰዎች ሊመጡ ነው።

“መምህር፣ ተበላሽታ ነበር ብለህ ፈርምልኝ።”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ከተበላሸች እኮ አሻጥር ነው ብለውኛል!”

“አሻጥሩማ መሥራቷ ነው!”

ፈረምኩ፦ “መሣሪያዋ በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት ጓድ ሊቀመንበሩ ያላሉትን ተናግራለች።” በዚያ የቀበሌ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ሁለታችንም ዳንን። ከእኔ እጅ ከወጡት ዕቃዎች ሁሉ አንዲትም ቃል ሳትስት የሠራች እሷ ብቻ ናት... ብልሽቷ በማኅተም የተረጋገጠላትም እሷ ብቻ ናት!