ሰው የቀረ እንደሆነ

የበደለኝ ሰው ሸምሱ ይባላል። መርካቶ ዱባይ ተራ ውስጥ ጫማ እያስመጣ የሚሸጠው ሸምሱ። ልጅ ሳለ አፍንጫውን የጠረግሁለት ነውና ስሙን ለመጥራት አልፈራም፤ ቢያነበውም አልጠላም። ግን አያነበውም፤ ከካርቶን ላይ ጽሑፍ በቀር ሲያነብ አይቼው አላውቅም። የኔም ንባብ ቢሆን የሚያስኮራ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ያውም ልጅ አዝዬ። የቆጠርኩትን ግን አልጣልኩትም። ይኸው ይሠራል።

ምን አደረገሽ ትሉኝ ይሆናል። ጠየቀ። አልተሳደበም፣ አልተማታም፣ ጥያቄ ጠየቀ። «ስንተኛ ነሽ?» አለ። እኔን ቢሆን በወደድኩ፤ የጠየቃት የልጅ ልጄን ሂክማን ነው፣ በሰው ፊት።

ይቺ «ስንተኛ» የምትባል ቃል እኮ ጉደኛ ናት። ልጅ ከትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ ሲመጣ ምን ተማርክ የሚለው የለም። ስንተኛ ወጣህ ነው። አንደኛ ካለ ጎረቤቱ ሁሉ አገላብጦ ይስመዋል፤ ሠላሳኛ ካለ ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ አለ ብሎ የሚጠይቅለት እንኳ አይገኝም። እኛም አድገን፣ ወልደን፣ ጥርሳችን ረግፎ፣ ከዚያች ካርድ አልወጣንም። ሯጫችን ሁለተኛ የወጣ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ፊቱን ያጠቁራል፣ አብሮት እንደሮጠ ሁሉ። እኛኮ ታክሲ ሊያመልጠን ሲል እንኳ አንሮጥም።

ሂክማ ቴኒስ ተጫዋች ናት። ሥራዋ ነው። ይሄን ስል ፊታችሁ ላይ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቴኒስ የሀብታም ነው፣ የመርካቶ ልጅ ምን አገባት ልትሉ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ፣ የኔ ልጅ ማለት ነው፣ በጨቅላነቷ ሞታባት እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ጥርሷን ሳትጨርስ ከሰፈር ልጆች ጋር ወደ አንድ ክበብ እየሄደች ለጌቶቹ የወደቀ ኳስ መልቀም ጀመረች። እጇ ኳስ ሲለቅም ዐይኗ ጨዋታውን ለቀመ። ከዚያ ጎጃም በረንዳ ካለችው የሰሊጥና የኑግ ሱቄ ጀርባ፣ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ ሰው በጣለው ራኬት ኳስ ስታነጥር ትውላለች። ወዛደሮቹ እሷን ይሳደባሉ፣ እኔ እነሱን እሳደባለሁ። ያሠለጠንናት እኛ ነን፤ ግድግዳውና እኔ።

ቴኒስን በቴሌቪዥን ብቻ ካያችሁት አላያችሁትም። እዚያ የሚታዩት ከላይ ያሉት ናቸው፤ ኳስ የሚያቀብላቸው አለ፣ ፎጣ የሚያቀብላቸው አለ፣ ጥላ የሚይዝላቸው አለ። ከእነሱ በታች ያሉት የዓለም ሴቶች ግን አገር ይሞላሉ፤ የኔዋም እዚያ ናት። የደረጃ ቁጥሯን አልነግራችሁም፤ ለሸምሱ የነገረችው ይበቃል። ናይሮቢ ሲሏት ናይሮቢ፣ ግብጽ ሲሏት ግብጽ፣ ፀጉሯን ሸፍና፣ እጅጌዋን አስረዝማ፣ አንድ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ገብታ ሳምንት በሳምንት ላይ ትጋጠማለች። ተመልካች ከተገኘ አትክልተኛው ነው። የራኬቷን ጅማት ራሷ ትወጥራለች፣ ልብሷን እጅ መታጠቢያው ላይ ታጥባለች፣ ኳሷንም ራሷ ትለቅማለች። አያችሁልኝ? ባሕር ተሻግራ መልሳ ኳስ ለቀማ! ክፍል የምትጋራት ሌላ ተጫዋች ናት፤ ማታ ሻምፖ ይዋዋሳሉ፣ አንዷ ለሌላዋ የእናቷን ፎቶ ታሳያለች፣ ጠዋት አንዷ ሌላዋን አሸንፋ ማታ ወደዚያው ክፍል ይመለሳሉ። የዚያን ማታ ሻምፖ ይዋዋሳሉ ወይ? አልጠየቅኩም።

ደረጃቸው የሚቆጠርበት ነጥብ የሚባል ነገር አላቸው። ስታሸንፍ ይሰጧታል፤ ያ ነጥብ ግን ዓመት ሲሞላው ይሞታል፣ እንደ ቆርቆሮ ወተት ጊዜው ያልፍበታል። እንግዲህ እዚያው የነበረችበት ቦታ ለመቆየት ብቻ ተመልሳ ሄዳ ተመልሳ ማሸነፍ አለባት። ይሄን የነገረችኝ ቀን ሳቅሁ። «ይሄማ ሱቅ ነው» አልኳት። «አምና የሸጥኩት ሰሊጥ ዘንድሮ ማንን ያበላል?»

የሰፈራችን ሰው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። እኛ ዘንድ አውሮፕላን የሚሳፈር ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ሐጅ የሚሄድና ዕቃ የሚያመጣ። ሂክማ በየጊዜው ትልቅ ሻንጣ ይዛ ትሄዳለች፣ ሐጅ የሚሄድ ደግሞ እንዲህ አይመላለስም፤ ስለዚህ ነጋዴ ናት። በተመለሰች ቁጥር ጎረቤት ይሰበሰባል። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ይሏታል። አንድ ጊዜ ለሰፈር ልጆች ብላ ያገለገሉ ኳሶች በከረጢት ይዛ መጣች፤ ሳትቀመጥ አንድ ደላላ በሩን አንኳኳ። «በጅምላ ነው በችርቻሮ?» አለ። በኋላ ግን ሻንጣዋ ውስጥ ከራኬትና ከቆሸሸ ካልሲ ሌላ እንደሌለ ሲያዩ ማዘን ጀመሩ። ሄዳ ሄዳ ባዶዋን የምትመለስ ነጋዴ! አንዷማ «ሂሳብ የሚይዝላት ሰው ፈልጊላት» ብላ መከረችኝ።

እንግዲህ ወደ ሸምሱ ልመለስ፤ አልረሳሁትም።

ሂክማ ጠዋት ወደ ቱኒዝያ ልትበር፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የመጫወቻ ጫማዋ ሶል ተገነጠለ። ጫማው የሸምሱ ነው። ስለዚህ ወደ ሸምሱ ሄድን። ሱቁ በር ላይ የጎን ነጋዴዎች የሻይ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል።

«ኧረ እትዬ ዘሐራ! ይግቡ፣ ይግቡ። ዓለም ዟሪዋንም ይዘው መጡ?» አለኝ።

«የሸጥክላት ጫማ አፉን ከፈተ። ሌላ ስጣት» አልኩት።

«ደግሞ ወዴት ነው ሂክምዬ?»

«ቱኒዝያ ጋሼ።»

«ማሻአላህ! ለመሆኑ አሁን ስንተኛ ነሽ?»

ሂክማ ውሸት አይሆንላትም፤ ከኔ ወረሰችው ብል ደስ ባለኝ። ቁጥሩን ነገረችው። ሸምሱ ወደ ነጋዴዎቹ ዞረና፣ «ሰማችሁ? ይሄ ደረጃ ነው ስልክ ቁጥር?» አለ። ሳቁ። አንደኛው ሻዩ ትን አለው። አላህ ይማረኝ፣ ትንሽ ቢቆይበት አልጠላሁም ነበር።

እዚያ ላይ ቢያበቃ በቃ ነበር። ሸምሱ ግን የአባት ፊት አወጣ። «አትቀየሚኝ የኔ ልጅ፣ ላንቺው ብዬ ነው። ሰው በባዶ ሻንጣ ሄዶ ሞልቶ ይመጣል፣ አንቺ ሞልተሽ ሄደሽ ድካም ይዘሽ ትመጫለሽ። እስከ መቼ? ነገ እኔ ዘንድ ሥራ ጀምሪ። የስፖርት ጫማ ስፖርተኛ ስትሸጠው ያምራል። ሻጬ ጥሎኝ ሄዷል፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ወንበር ላይ ሰው እፈልጋለሁ።» አለና እጁን ዘረጋ።

ያቺን እጅ መርካቶ የሠራ ያውቃታል። ውላችን እሷ ናት። የጭነት መኪና ሙሉ ዕቃ ያለ ወረቀት በዚያች እጅ ተሽጦ ያድራል። አንዴ መዳፍ ለመዳፍ ከተመታ ወዲያ ሐሳቤን ቀየርኩ የለም፤ የቀየረ ሰው በማግስቱ ሰላምታ የሚመልስለት ያጣል። እምቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ሂክማ መዳፏን መዳፉ ላይ አሳረፈች።

«እሺ ጋሼ» አለች።

«መብሩክ!» አሉ ነጋዴዎቹ። ይቺ ጎጃም በረንዳ በሙሉ የሚፈራት ምላሴ የት እንደገባች እንጃ።

ጫማውን ሳንገዛ ተመለስን። ሱቅ ስንደርስ የሰሊጥ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

«ለምን?» አልኳት።

«ደከመኝ እማማ።»

«ሸምሱ ስለሳቀ?»

«እሱ አይደለም። እዚያም እኮ ስሜ አልገባም። ተጠባባቂ ነኝ። ሄጄ እፈርማለሁ፣ ከዚያ ሜዳው ዳር ቁጭ እላለሁ። ከተመዘገቡት አንዷ ብትታመም ወይም አውሮፕላን ቢያመልጣት እኔን ይጠሩኛል። ማንም ካልቀረ ተነስቼ መምጣት ነው። ሰው ይቅርልኝ ብዬ ነው ባሕር የምሻገረው?»

ምላሴ ያን ጊዜ ተመለሰች። «አንቺ ልጅ፣ ሱቁ ከየት የመጣ ይመስልሻል?» አልኳት።

ለእናንተም ልንገራችሁ። ከወሎ መጥቼ አውቶቡስ ተራ የወረድኩት በአንድ ጆንያ ነጭ ሽንኩርት ነው። ጉሊት ስታዩት ባዶ መሬት ይመስላችኋል፤ እያንዳንዷ ስንዝር ግን ባለቤት አላት። ባለቦታዎቹ መጥተው እስኪዘረጉ እኔ ሽንኩርቴን ታቅፌ ዳር እቆማለሁ። ሁሉም ከመጡ ታቅፌው ወደ ቤቴ። አንዷ የቀረች እንደሆነ ቦታዋ ላይ እዘረጋለሁ። የምትቀረው የትኛዋ ናት? መቼ? ማንም አያውቅ። ስለዚህ በየቀኑ እመጣለሁ። ሥራው ሽንኩርት መሸጥ አልነበረም፤ ሥራው ሌላዋ በቀረችበት ቀን እኔ አለመቅረቴ ነበር። አንድ ቀን አንዲቱ ምጥ ይዟት ቀረች። አራስነቷን እስክትጨርስ ቦታዋ ላይ ተቀመጥኩ። ስትመለስ የራሴ ደንበኛ ነበረኝ፤ እሷም ደግ ሴት ነበረችና ጠጋ ብላ ከቦታዋ አካፈለችኝ። ይሄ ሱቅ ከዚያች ሴት ምጥ የተወለደ ነው።

ሂክማ ሳቀች። «እንግዲያ እኔም አንዷ እስክታምጥ ልጠብቅ?»

«ቴኒስ ተጫዋች አታምጥም?»

ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «እጄን ሰጥቻለሁ እኮ እማማ። ነገ ብቀር የኔ ብቻ አይደለም፣ ያንቺም ስም ነው የሚጠፋው።»

እውነቷን ነው። መርካቶ ውስጥ ስሜ ነው ያለኝ፤ ሰሊጥማ ሁሉም ሰው ዘንድ አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አልኳት። «አንዷ ቀርታ፣ ስምሽ ተጠርቶ፣ አንቺ በዚያች ሰዓት ሸምሱ ሱቅ ተንበርክከሽ የሰው ጫማ የምታስሪ ብትሆኚስ?»

ተነሳች፣ የተገነጠለውን ጫማ አንጠልጥላ ጥግ ላይ ወዳለው ጫማ ሰፊ ሄደች። መልስ ማለት ይሄ ነው።

«ወንበሩን ለኔ ተይው!» ብዬ ከኋላዋ ጮህኩ።

ያን ዕለት ማምሻውን ሰሊጥ እያበጠርኩ ለሸምሱ ልመልስለት ይገባኝ የነበረው ሁሉ ይመጣልኝ ጀመር። እስኪ የዓለምን ጫማ ነጋዴ በሙሉ አሰልፈን እንቁጠር። ከቻይና ጀምረን፣ ዱባይን አዳርሰን፣ መርካቶ ስንገባ ሸምሱ ስንተኛ ነው? ሱቁ ያለበትን ኮሪደር ብቻ ብንቆጥር እንኳ አንደኛ አይወጣም። እኔስ በሰሊጥ? እናንተስ? አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ሾፌሩ፣ የዓለም ሐኪም ሁሉ ተቆጥሮ ቁጥራችሁ ግንባራችሁ ላይ ቢለጠፍ ማን ደፍሮ ከቤት ይወጣል? የኛን ማንም ስለማይቆጥረው ነው የምንስቀው። እሷ ቁጥሯን በየሳምንቱ እያየች፣ እንዳለ ተሸክማው፣ ጠዋት ተነስታ ጫማዋን ታስራለች። ይሄን የሚያህል ጀግና ሸምሱ ሱቅ ውስጥ የለም።

ጎህ ሲቀድ ታክሲ መጣላት። በተሰፋ ጫማ፣ በዚያው ሻንጣ ሄደች። እኔም ደህናውን ነጠላዬን ለበስኩ፣ የሱቄን ቁልፍ ለጎረቤቴ ሰጠሁ፣ ዱባይ ተራ ወጣሁ። ሸምሱ የሱቁን ብረት በር ወደ ላይ ሲገፋ ከኋላው ቆሜያለሁ።

«እትዬ ዘሐራ! በሰላም ነው? ሂክማስ?»

«ቀርታለች። እኔ ተጠባባቂዋ ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። አልሳቅሁም። ነጋዴዎቹ ከየበራቸው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«እርስዎማ ትልቅ ሰው፣ እንዴት አድርገው...»

«እጅ ተመትቷል ሸምሱ። ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ብለሃል፣ ሰው ይኸው። ወይስ ዱባይ ተራ እጅ መምታት ቀርቷል?»

ያ ትን ያለው ነጋዴ፣ «ኧረ አልቀረም እትዬ! መብሩክ ብለን የለ እንዴ!» አለ። ሸምሱ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ወንበሩን አየው።

«እስከ መቼ ነው?»

«እስክትመለስ። ካሸነፈች ትቆያለች። ከተሸነፈች ትመጣና አርፋ ደግማ ትሄዳለች። በሁለቱም እኔ እዚህ ነኝ።»

ይሄኔ አንድ ጎልማሳ ገባና ነጭ የስፖርት ጫማ አነሳ። «ሶሉን አጠፍ አድርገህ እየው ልጄ» አልኩት። «ሰው አገር ሊገነጠልብህ ይችላል።» ጎልማሳው አጠፈው፣ አየው፣ አስቀመጠው፣ ወጣ።

ሸምሱ ግንባሩን ጠረገ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «እትዬ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ውድድሩን የሚያሳዩት ምን ላይ ነው? ስሟ በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ሂክማ እንዳስጠናችኝ ነገርኩት። ወንበሩን ወደ በሩ ሳብ አደረግሁ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ተቀመጥኩ፤ መንገደኛውንም መጥራት ጀመርኩ።