የሚስቴ ምጥ እና የእኔ አውራ ጣት

እንዳትስቁ አልላችሁም፣ መሳቃችሁ አይቀርም። ዛሬ ጎባ ሆስፒታል የወለደችው ሚስቴ ናት። ማዋለጃውን በጩኸት ያናወጥኩት ግን እኔ ነኝ!

አዎ፣ እኔ። ያ የምታውቁት ሰውዬ። በሮቤ ብርድ በማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ እላዬ ላይ እየደፋሁ ቪዲዮ የምለጥፍላችሁ። የጂሜ ግድግዳ ላይ በትልቁ «ህመም ያለው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው» ብዬ ያስጻፍኩት።

ይሄን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ፣ ፊደል ከሳትኩ ታገሱኝ።

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መሲ፣ ሚስቴ ማለት ነው፣ ካረገዘች ጀምሮ እኔ ዩቲዩብ ላይ ተመረቅኩ። ስለ ምጥ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። አተነፋፈሱ፣ ወገብ ማሸቱ፣ ኳስ ላይ መቀመጡ... ትልቁን ኳስ ከጂም አምጥቼ ሳሎን አስቀመጥኩላት። እግሯን ጫነችበት እንጂ አንድም ቀን አልተቀመጠችበትም።

እኔ ግን ደከመኝ የት አውቄ! በቅርቡ የለጠፍኩትን ቪዲዮ ታስታውሱታላችሁ አይደል? «ሴቶች፣ ምጥ ህመም አይደለም፣ ስሜት ነው። ተንፍሱት!» ያልኩበትን። ኮመንት ላይ አንዷ «አንተ ስንት ወለድክ?» አለችኝ። ብሎክ አደረግኳት።

እህቴ፣ ዛሬ ከፍቼልሻለሁ። ገብተሽ የፈለግሽውን በይ።

ማለዳ ላይ ምጡ ጀመራትና መኪና ተኮናትረን ጎባ ደረስን። እናቷ እማማ አስካለም አብረውን መጡ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው። በሩ ላይ ሲስተሯ ከወላዷ ጋር መግባት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው አለችን።

መሲ እናቷን አየች። እኔ ደግሞ ቀድሜ «እኔ እገባለሁ፣ ሰልጥኛለሁ» አልኩ።

ሰልጥኛለሁ! የት? ስልኬ ላይ!

እማማ አስካለ አልተከራከሩኝም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብለው ተቀመጡ።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበርኩ፣ እውነቴን ነው። «ሳቢ... ልቀቂ...» እላለሁ፣ እሷም ትስባለች፣ ትለቃለች። ሲስተሯ ሳትቀር ጎበዝ ባል ነህ አለችኝ። ትንሽ ቢተዉኝ ላይቭ እገባላችሁ ነበር።

ከዚያ ምጡ ጠና። መሲ ላብ በላብ ሆነች፣ ከንፈሯን ነክሳ ዝም። ጩኸት ጉልበት ይጨርሳል ብያት ነበራ! ሲስተሯ ጠጋ ብላ ህመሙን ቀነስ የሚያደርግ መርፌ እንዳለ ነገረቻት። የምትፈልግ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው፣ መውለጃዋ ሲቃረብ ግን ልጁን ስለሚያደነዝዘው አይሰጥም አለቻት።

መሲ «ስጪኝ» አለች።

እዚህ ጋ ሰው የሆነ ሰው ምን ይላል? «ስጫት» ይላል። እሱም ካቃተው ዝም ይላል።

እኔ ግን «መሲዬ፣ ትንሽ ታገሺ» አልኩ። «በተፈጥሮ እንጨርሰው።»

እንጨርሰው! ማን ከማን ጋር?

ሲስተሯ እኔን ትታ እሷን አየቻት፣ ምርጫው ያንቺ ነው አለቻት። ሰው እንደዚያ ሲደክመው ከመከራከር እሺ ማለት ይቀለዋል መሰለኝ፣ መሲ «እሺ፣ ትንሽ ልሞክር» አለች። እኔ እንዳሸነፈ ሰው ግንባሯን ሳምኳት። አሁን ሳስበው መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ብዙም አልቆየ፣ አሁን ስጡኝ አለች። ሲስተሯ አየቻትና በቃ አልፏል፣ ልጅሽ እየመጣ ነው አለቻት። መሲ ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ታዲያ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ሳቢ...»

ቀኝ እጄን ያዘችኝ። አውራ ጣቴን ለብቻዋ ነጥላ እንደ በር እጀታ ጠመዘዘቻት። ቀጭ አለች።

ጮህኩ! ማርያምን ጠራሁ፣ እናቴን ጠራሁ፣ «ወለቀች! ወለቀች!» እያልኩ ክፍሉን ዞርኩት። ውጭ ያሉት እማማ አስካለ የኔን ድምፅ ሲሰሙ ልጃቸው የሞተች መስሏቸው ነበር። ይሄን በኋላ ነው የነገሩኝ፣ እሱም ሳይቆጡኝ።

አንድ ነርስ ሮጦ መጥቶ ከመጋረጃው ወዲህ አስቀመጠኝ። ጣቴን ወደ ቦታዋ መለሳት፣ ድጋሚ ጮህኩ። ማስታገሻ ውጉኝ ብዬ ለመንኩ። ያ ቪዲዮ ላይ «ተንፍሱት» ያለው አፍ ነው እንግዲህ ይሄን የሚለምነው። ሱሪዬን ዝቅ አድርጎ ወጋኝ።

ወዲያው! ማንም ትንሽ ታገስ አላለኝም።

ያኔ ከመጋረጃው ማዶ የመሲ ድምፅ መጣ። ምጥ ላይ ያለች ሴት እንደዚያ ረጋ ብላ መናገር ትችላለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ለእሱ ሰጣችሁት?»

የኔ ሌላ መድኃኒት መሆኑን ማን ደፍሮ ያስረዳታል? እኔም አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን ክር ማየት ጀመርኩ።

«ውጣና እናቴን ጥራልኝ» አለች።

ወጣሁ። እማማ አስካለ በአጠገቤ አልፈው ገቡ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጩኺ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ።»

ጮኸች። አፍና የያዘችውን ሁሉ ለቀቀችው። እኔ እማማ አስካለ የተነሱበት ወንበር ላይ፣ ጣቴን በፋሻ ተጠቅልዬ፣ አንድም ሳያመልጠኝ ሰማሁት። ጓዶች፣ ስሜት ምናምን ያልኩት ውሸት ነው፣ ህመም ነው። ባጣትስ ብዬ ፈራሁ፣ ፈርቼም አለቀስኩ። ያኛው ለቅሶ የጣት አልነበረም።

ከዚያ የልጅ ለቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ! እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

ከሰዓት በኋላ ጠያቂው ከሮቤ ጎረፈ። ወሬው እንዴት እንደደረሰ አትጠይቁኝ፣ እኛ ሰፈር ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። ከሁሉ ቀድመው የገቡት ጎረቤታችን አደ ዘሃራ ናቸው፣ ቅቤና በርበሬው መሀሉ ላይ የተንጣለለ የገብስ ገንፎ ይዘው። መሲን ዞር ብለው ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ባጋ ረቢን ነጋን ሲ ሂኬ» አሉኝ።

ኦሮምኛ ለማትችሉ፦ በሰላም ለተገላገለች ሴት የሚባል ነው!

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ተራ በተራ እየመጡ «እንኳን ማርያም ማረችህ» ይሉኝ ጀመር። አንዷ ትራስ አመቻቸችልኝ። ሌላዋ ብርድ እንዳይመታኝ ብላ ጋቢ ደረበችልኝ። ቀኝ እጄ ታስሯልና ገንፎውን ያጎረሱኝ ራሳቸው አደ ዘሃራ ናቸው፣ አራስ ነህ ቀስ ብለህ ዋጥ እያሉኝ።

ዋጥኩት። እርቦኝም ነበር፣ አልዋሽም።

መሲ ብቻ አልሳቀችም። ልጇን አቅፋ ታየኛለች። ሴቶቹ ሲወጡ መርፌው ለቀቀኝ መሰለኝ፣ ጣቴ ትጠዘጥዘኝ ጀመር። የታዘዘልኝን ክኒን ከኪሴ ሳወጣ እጇን ዘረጋች። ፈልቅቃ ልትሰጠኝ መስሎኝ አቀበልኳት።

ትራሷ ስር ከተተችው!

አሁን ምን ይደረጋል? አራስ አይቆጧትም፣ አይቀሟትም፣ ያለችው ነው የሚሆነው። እሷም ይሄን አሳምራ ታውቃለች።

«መሲዬ፣ አሞኛል እኮ» አልኩ።

መጀመሪያ ያን ቪዲዮ ለጥፈህ ላሞኘሃቸው ሰዎች እውነቱን ንገራቸው፣ ምንም ሳታስቀር ጻፍ አለችኝ። ይሄው እየጻፍኩ ነው። «ለእሱ ሰጣችሁት» ያለችውን ቦታ ዘልዬው ነበር፣ አንብባ አስመለሰችኝ። የጂሙን ግድግዳ ደግሞ አስቀባዋለሁ፣ የምትመጡ ልጆች ቀለም እስኪደርቅ እንዳትደገፉት።

እዚህ ድረስ ጽፌ ስልኩን ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ፣ ልቤ እንዴት እንደተረጋጋ አትጠይቁኝ። እኔም ለክኒኑ እጄን ዘረጋሁ።

«ትንሽ ታገስ» አለችኝ። «በተፈጥሮ እንጨርሰው።»

ይሄው እየሳብኩ እየለቀቅኩ ነው። ይሄ ነገር ይሠራል ያላችሁ ማን ነበር?